የሃምሳ አለቃው አፍንጫ ይግባኝ ሲል

ሃምሳ አለቃው የሕክምና ካርዳቸውን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ ይዘው ሲመጡ፣ ካርዱ ሠላሳ አንድ ገጽ ነበር። እኔ ኮፒ የማደርገውን ወረቀት ሳላነብ ማሳለፍ አልችልም። ከአሥረኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከዚያ ማሽን ላይ ነው፤ አዋጅ ሲመጣ አዋጅ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲመጣ ውሳኔ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ዶሮ በሽታ የተጻፈ መቶ ሃያ ገጽ መመሪያ ሙሉውን አንብቤያለሁ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ማንበብም የለመድኩት በዚሁ መንገድ ነው። የሃምሳ አለቃውን ካርድ ገጽ በገጽ እየገለበጥኩ ስሄድ፣ አሥራ አራት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘሁ። ትርጉሙ «ታካሚው ደህና ነኝ ይላል» ነው።

ሃምሳ አለቃው ደህና አልነበሩም።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ፣ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። የአገልግሎት ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በአንድ ካምፕ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ ነው። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ አዲሱን በኮምፕረሰር ይረጫሉ። አቧራ እርጥቡ ቀለም ላይ እንዳያርፍ የቆርቆሮው መጋዘን በርና መስኮት ይዘጋል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት ሳይነስ ትቶላቸው ሄደ፤ ግንባራቸውን ይወቅራቸዋል፣ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው የሚወጣ ይመስላቸዋል፣ አፍንጫቸው በሁለቱም በኩል ተደፍኗል። ሽታ የሚባል ነገር ካጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ጤና ጣቢያው አፍንጫቸው ውስጥ ሥጋ እንደበቀለና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነግሯቸዋል። ሕመሙ ከአገልግሎታቸው የመጣ ነው ተብሎ ከተወሰነ ቀዶ ሕክምናውም ሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በሠራዊቱ ሆስፒታል ይደረግላቸዋል። የጉዳት ጡረታቸውን ያየው የመጀመሪያው ቦርድ ግን «ከአገልግሎት ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም፤ ታካሚውም ቅሬታ አላቀረበም» ብሎ መለሳቸው። ይግባኝ ለማለት የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነበር።

ነገሩ የአፍንጫ ብቻ እንዳልሆነ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ ቀን የቃጠሎ ሽታ ከላይ መጥቶ ክፍሌን ሞላው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው፤ ሃምሳ አለቃው ጭሱ መሀል መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ።

«ምነው ልጄ፣ ደህና?» አሉኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ድስቱ።»

«የቱ ድስት?»

የቡታጋዙን ሲሊንደር ዘጋሁና ድስቱን አሳየኋቸው። ሽሮው ከሰል ሆኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው ብቻቸውን ትተዋቸው አያድሩም። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። ሐዋሳ የምትኖር ልጃቸው ሁለተኛውን ልትወልድ አምስት ወር ቀርቷታል፤ የመጀመሪያውን ስትወልድ ያረሷት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ደውላ «ትመጪያለሽ?» ስትላቸው «እናያለን» ይሏታል። የሚያዩት ምን እንደሆነ እኔም ሃምሳ አለቃውም እናውቃለን።

ስለዚህ ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ ካርዱን ዘግቼ በርጩማ ሰጠኋቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ምን ይሉታል?»

«ምን እላለሁ? ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ።»

«ምን ብሎ ይጠይቅዎታል?»

«እንዴት ነዎት ይለኛል።»

«አንቱስ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ጨዋ ልጅ ነው።»

«አፍንጫዎን አላሳዩትም?»

«ምኑን ላሳየው? ፊቴ መሀል አይደለም እንዴ ያለው?»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መሀረባቸውን አውጥተው እንደ መለከት ተናፈጡ፤ መሀረቡን አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። «ሰው እንዴት ነህ ሲልህ በሽታህን ትዘረግፍበታለህ? እንደዚያ የሚያደርግ አሳዳጊ የበደለው ሰው ነው። እንኳን ለሐኪም፣ ለኮሎኔልም ደህና ነኝ ብያለሁ፤ ያውም አርባ ዲግሪ ትኩሳት ይዞኝ።»

ማመልከቻውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቆየሁ፦ «አመልካች ‹ደህና ነኝ› ማለታቸው በአገራችን ልማድ የሰላምታ መልስ እንጂ የጤና መግለጫ ሆኖ ሊወሰድ አይገባም።» ይህችን ጽፌ ሳበቃ ተነሥቼ ሱቁን ጠረግሁ። ደስ ሲለኝ የማደርገው እሱን ነው።

ቀጥሎ ምስክር ያስፈልግ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ የነበሩ መቶ አለቃ ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ምስክርነት ቆሞ ነው የሚሰጠው ብለው እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ማስጻፍ ጀመሩ። እኔ እተይባለሁ፤ ሃምሳ አለቃው በመሀላችን በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለተዘጋው በር ጥሩ አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና፦

«በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን አመመኝ ብሎ የማያውቅ፣ ብረት የሆነ ወታደር ነው።»

ጣቶቼ ቆሙ።

«መቶ አለቃ፣ ይህችን ብንተዋትስ?»

«ለምን? እውነት ነው እኮ።»

«እውነት መሆኗ ነው ችግሩ።»

«እንዴ፣ ጓደኛዬን በወረቀት ላይ ልክ እንደ ልፍስፍስ አድርጌ ላዋርደው ነው የመጣሁት?»

«መቶ አለቃ፣ እዚህ የተሰበሰብነው እኮ ታመዋል ለማለት ነው።»

ወደ ሃምሳ አለቃው ዞርኩ፣ እንዲረዱኝ። ፊታቸው በርቷል። «ትቀመጥ» አሉ፣ «ጥሩ ነች። ደግሞ አንብባት እስቲ።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ «አመመኝ ብሎ የማያውቅ» ከሚለው ቀጥዬ «ነገር ግን ሁልጊዜ ያመው የነበረ» የሚል ጨመርኩ። መቶ አለቃው አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሃምሳ አለቃውም ነቀነቁ። ሁለቱም የተመሰገኑ መስሏቸው ተቃቅፈው ወጡ፤ ሁለት ሱቅ ካለፉ በኋላም የሁለቱም መናፈጥ ይሰማኝ ነበር። መቶ አለቃውም ሳይነስ እንዳለባቸው የገባኝ ያኔ ነው። ስጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም።

ማመልከቻው ገባ። ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ፊት የሚቀርቡበት ቀን ተነገራቸው። አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት ነዎት ሲባሉ ደህና አይደለሁም ማለት።

ልምምዱን ቤታቸው ጀመርን። እትዬ ሰብሳቢ ሆነው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ፤ የባላቸውን መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገዋል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሃምሳ አለቃው ከመኝታ ቤት ወጥተው ይገባሉ፣ እግራቸውን ገጥመው ይቆማሉ።

«እንዴት ነዎት፣ ሃምሳ አለቃ?» አሉ እትዬ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር…»

«ውጣና እንደገና ግባ።»

ወጡ፣ ገቡ።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህ…» አሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አፌ ነው ያልሰማው።»

ስድስተኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው፣ «አንቺን ራሱ ደህና አይደለሁም ብዬሽ አላውቅም፤ በስተርጅና ልጀምር?» አሉ።

እትዬ መነጽሩን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይነቃነቃል፤ የማልተኛው እኔ፣ ደህናው እሱ።»

«ግድግዳውማ እኔም ጋ ይነቃነቃል» አልኩ። እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሃምሳ አለቃውም ሊስቁ ሲሉ አፍንጫቸው ተደፍኖ ነበርና አንድ የሚያስደነግጥ ድምፅ አወጡ፤ ለጥቂት ጊዜ ሦስታችንም መቀጠል አልቻልንም።

ስንረጋጋ ዋናውን ችግራቸውን ነገሩን። ፈጣሪ እስካሁን አቆይቷቸው፣ እንዴት ነህ ሲባሉ ምስጋናውን ትተው ማማረር ይከብዳቸዋል። ይህን እኔ በማመልከቻ የምፈታው አልነበረም። በሳምንቱ የንስሐ አባታቸው ለጸበል ርጭት ሲመጡ ጥያቄው ቀረበላቸው፤ እኔም ጉዳዩን እንዳስረዳ ተጠራሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ማመስገን ግዴታ ነው» አሉ። «መዋሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ይበሉ፣ አስከትለው ታምሜያለሁ ይበሉ።»

«በአንድ ትንፋሽ፣ አባ?»

«በአንድ ትንፋሽ።»

«ትንፋሹ ከተገኘ» አሉ ሃምሳ አለቃው። ግን ከላያቸው ላይ ሸክም እንደወረደላቸው ያስታውቅ ነበር።

ወታደር ትእዛዝ ካገኘ ቀልድ የለም። ቦርዱ ፊት ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ የግቢው ጥበቃ እንደወትሮው «እንዴት አደሩ፣ ሃምሳ አለቃ?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታምሜያለሁ።»

ጥበቃው ደንግጦ ተነሣ። ሃምሳ አለቃው ቀጥ ብለው አለፉ። ባለ ሱቋ ጠየቀቻቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታምሜያለሁ።» ከፎቁ በታች መኪና የሚያጥበው ልጅ ጠየቃቸው፤ ለእሱም እንደዚያው። ዳቦውን ይዘው ሲመለሱ በጣም ኮርተው ነበር። «ሦስት ሰው» አሉኝ ደረጃው ላይ፣ «አንድም አልተሳሳትኩ።»

ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አመመኝ ያላሉ ሰው ታምሜያለሁ ሲሉ ግቢው ምን እንደሚገምት ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። እትዬ ወንበር ከእኔ ቤት፣ ብርጭቆ ከጎረቤት አስመጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳስተናግድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃያ ሦስት ሰው ቆጥሬያለሁ፤ ብርቱካኑ ከመስኮቱ ሥር ተከምሮ አንዳንዱ እየተንከባለለ ሶፋ ሥር ይገባ ነበር። ሴቶቹ ሲገቡ ፊታቸው ያዘነ ነው፤ ሃምሳ አለቃው ሙሉ ልብስ ለብሰው ቁጭ ብለው ሲያዩአቸው ግራ ይጋባሉ። አንዷ «ፊትዎ ላይ እኮ አያስታውቅም» አሏቸው፤ ሌላዋ ቀስ ብለው «እንዲህ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያምርባቸዋል» ሲሉ ሰማሁ።

በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ መጡ። ብርቱካን አልያዙም። ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ክፍሉን ዙሪያውን በዓይናቸው ለኩ፣ ከዚያ ወደ ውጭ፣ ወደ ግቢው ሜዳ ተመለከቱ። ሲወጡ እኔን ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ድንኳኑ እስከ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ተይዟል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከቅዳሜ ወዲያ ግን ነፃ ነው።»

ለእትዬ ስነግራቸው ግድግዳ ተደግፈው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጠያቂዎቹ የሚያለቅሱ መስሏቸው ተነሥተው አባበሏቸው።

ሃምሳ አለቃው ምን ይበሉ? እያንዳንዱን ጠያቂ እጁን ይዘው ያረጋጋሉ። ደህና ነኝ። ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አይዞሽ፣ ደህና ነኝ። ሃያ ሦስት ጊዜ። የሁለት ሳምንቱ ልምምዳችን በአንድ ቀን ውስጥ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሳሪስን አልፈን ወደ ቦርዱ ቢሮ ሄድን። ሃምሳ አለቃው ከረባት አስረዋል፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል። በመንገድ ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ማመልከቻውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዣለሁ፤ ደንቡ አመልካች አንድ ደጋፊ ይዞ መግባት ይችላል ስለሚል ከእሳቸው ጋር እንድገባ ተፈቅዶልኛል።

የሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሕንፃው ጀርባ የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ ገና እየደረሱ ነው። ዘበኛው አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ሸፍኖ ነው የፈተሸን። ደረጃውን ስንወጣ ሠራተኞች መሀረብ፣ ሻርፕ፣ ያገኙትን ይዘው ይተላለፋሉ። እኔ በአፌ እየተነፈስኩ እከተላለሁ። ሃምሳ አለቃው ደረታቸውን ነፍተው ከፊት ይወጣሉ።

ቦርዱ ሦስት ሰው ነው፤ ሸበቶው ሰብሳቢ፣ መዝገብ የያዘው ጸሐፊ፣ እና ከአንገት በላይ ሐኪም የሆነች ዶክተር። ሦስቱም ማስክ አድርገዋል። መስኮቱ ቢከፈትም ቢዘጋም ለውጥ ስላልነበረው በግማሽ ተትቷል።

«እንደምን አደሩ አባታችን? ደህና ነዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

ሃምሳ አለቃው እግራቸውን ገጠሙ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «እናንተስ ደህና ናችሁ? ቤተሰብ፣ ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ይዟችኋል?»

የጸሐፊው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንደሚጽፍ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። አሥራ አምስተኛው መሆኑ ነው። እትዬ ዛሬ ማታ በስልክ ለልጃቸው የሚሏት ነገር ጆሮዬ ላይ መጣ። የማኅደሩን ጫፍ በጣም ከመጨበጤ የተነሣ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ።

ወንበር ተሰጣቸው፤ ተቀመጡ። እንግዳ የገባበትን ቤት ማመስገን አለበትና ጣሪያውን፣ መጋረጃውን፣ ጠረጴዛውን ቃኙ፤ ከዚያ ደረታቸው ተነፍቶ እስኪቀር ድረስ በአፋቸው አየር ሳቡ።

«እንዴት ያለ ጥሩ ቢሮ ነው» አሉ። «አየሩ ብቻውን ሰው ይፈውሳል።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ «አባት፣ እየቀለዱብን ነው?» አለ።

«ኧረ ምን በወጣኝ።»

ዶክተሯ ከወንበሯ ትንሽ ተነሣች። «ሃምሳ አለቃ፣ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይሸትዎታል?»

ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ መናገር አይፈቀድልኝም። ዶክተሯን አዩ፤ የጨዋ መልስ ሲፈልጉ ግንባራቸው ተጨማደደ፣ ከዚያ ያገኙ መሰላቸውና ፊታቸው ፈታ አለ።

«የእርስዎ ሽቶ ነው መሰለኝ» አሉ። «በጣም ጥሩ ነው።»

ሰብሳቢው ሊስሉ ሞከሩ፤ ሳሉ መሀል ላይ ሳቅ ሆነባቸውና መዝገብ እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛው ሥር ጎነበሱ። ጸሐፊው ማስኩን ወደ ዓይኑ ሳበ። እኔ ምላሴን ነክሼ ለመቻል ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፤ የወጣው ድምፅ የፍየል ዓይነት ነበር። ዶክተሯ ብቻ አልሳቀችም። ከቦርሳዋ መብራት አውጥታ መጣችና ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አድርጋ የአፍንጫቸውን ውስጥ ረጅም ጊዜ አየች።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልታየኝን ነገር እሷ በአንድ ጊዜ አገኘችው። እንዴት ነዎት ብላ አልጠየቀችም። «ሲተኙ በየት ይተነፍሳሉ?» አለች። «በአፌ።» «ጎንበስ ሲሉ ምንዎን ያምዎታል?» «ግንባሬንና የላይኛውን ጥርሴን።» «ከመቼ ጀምሮ?» «ጋራዥ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት።» ሃምሳ አለቃው ለሰላምታ የሰላምታ መልስ፣ ለጥያቄ የጥያቄ መልስ ነው የሚሰጡት። እንደ ጦር ሰፈር ሪፖርት ቀጥ ቀጥ አድርገው መለሱላት።

«ከጋራዡ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ኧረ ይሄማ ቀላል ነው» አሉ፣ ዘና ብለው። «ስናፈጥ መሀረቤን አይ ነበራ። አረንጓዴ መኪና በቀባን ዕለት አረንጓዴ ነው፤ ለአምቡላንስ ነጭ ስንረጭ ነጭ። አንድ ጊዜ ለሰልፍ መኪና ቀይ ቀብተን ደማሁ ብዬ ደንግጫለሁ። ጓደኞቼ ዛሬ ምን እየቀባን ነው ሲሉኝ ወደ መኪናው አልሄድም፣ መሀረቤን ነው የማሳያቸው።»

ይህን እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። ከዚያ በፊት ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም፤ አራት ቀን የደከምኩበት ማመልከቻ ውስጥም የለም። አሁን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ለጸሐፊው «ቃል በቃል ጻፍ» አሉት፤ ጸሐፊው ቀደም ሲል የጻፋትን አንድ መስመር ሰርዞ ከሥሯ ጀመረ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ሱቄ ውስጥ ቆመው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ «በአገልግሎት ምክንያት የደረሰ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፒ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ስንት ብላቸው ለእሳቸው አንድ፣ ለመቶ አለቃው አንድ፣ ለቄሱ አንድ አሉና ጥቂት አስበው ለእድሩ ሰብሳቢም አንድ ጨመሩ።

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮው ተደረገ። ለደሙ የተወተፈው ጥጥ ከወጣላቸው በኋላ ትንፋሽ በአፍንጫቸው መግባት ጀመረ፤ ማንኮራፋታቸው በጣም ስለቀነሰ እትዬ ሞተ ብለው እየነቀነቁ የቀሰቀሷቸው ጊዜ አለ። ሽታ ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ዶክተሯ ይቆያል ብላለች፤ ላይመለስም ይችላል ብላለች። ሐዋሳ ያለችው ልጅ ቀኗ ደረሰ። እትዬ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፍተው ልብስ ይከታሉ፤ ተመልሰው ያወጣሉ።

አንድ ከሰዓት የሻንጣው ዚፕ አስቸግሯቸው ጠሩኝ። ዚፑን እያስተካከልኩ ሳለ ሃምሳ አለቃው ገቡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ምኑ?» አሉ እትዬ፣ ዞር ሳይሉ።

«የሚሸተው።»

እትዬ የያዙት ቀሚስ ከእጃቸው ወደቀ። እኔ ዚፑን ለቀቅሁ። ሃምሳ አለቃው መጥተው ሻንጣው ላይ ጎነበሱ፤ ጎንበስ ሲሉ ግንባራቸውን አልያዙም። አንድ ነጠላ አንሥተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ሳሙና ነው» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

«የድሮው አይደለም።»

«እሱን ከለወጥኩት ስምንት ዓመት ሆነኝ።»

ነጠላውን እንደያዙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደጋግመው ሳቡ። «የድሮው ይሻል ነበር» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ፣ ዛሬ ልሄድ ስል ነው የምታማርረው?» አሉ እትዬ፤ እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። ከዚያ ቀሚሱን ከወለል ላይ አንሥተው ሻንጣው ውስጥ ከተቱት፤ ሌሎቹንም ከተቱ፤ ዚፑን ራሳቸው ዘጉት።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ አለቃው ከኋላችን እየመጡ የሚያልፉትን ሁሉ ስም ይጠሩ ነበር፦ ናፍጣ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ብርቱካን። ወደ መናኸሪያው የሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ አንገታቸውን አስግገው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አሸተቱና «ካልሲ» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። የማን እንደሆነ ሊናገሩ ሲሉ እትዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።